«ፍጹም ተቃራኒ» ማለት ቃል ማባከን ነውን?

መምህር፣ ከባሕር ዳር፦
ባለፈው ሳምንት በሰጠሁት ፈተና «የሙቅ ውሃ ተቃራኒ ምን ዓይነት ውሃ ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። አንዲት ተማሪ መጀመሪያ «ቀዝቃዛ» ብላ ከጻፈች በኋላ በላጲስ አጥፍታ «ለብ ያለ» የሚል መልስ ስለሰጠች ነጥብ አልሰጠኋትም። አባቷ መጥተው «ጥያቄው ተቃራኒ ይላል እንጂ ፍጹም ተቃራኒ አይልም» ሲሉ ሞገቱኝ። እኔ ግን ተቃራኒ የተባለ ነገር ፍጹም ካልሆነ ተቃራኒ አይባልም፣ ስለዚህ «ፍጹም» ትርፍ ቃል ነው ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አርታዒ፦
ስለ መልሱ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ለብታ በሙቀትና በቅዝቃዜ መካከል ያለ ደረጃ ነውና የአንዳቸውም ተቃራኒ ሊሆን አይችልም። «ፍጹም» ትርፍ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። በ«ሕያው» እና በ«ሙት» መካከል ሌላ ማረፊያ ስለሌለ፣ ሕያው አይደለም ያለ ሰው ሙት ነው ማለቱ ነው። ውሃው ሙቅ አይደለም ያለ ሰው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው አላለም። እነዚህን ሁለት ዓይነት ጥንዶች «ተቃራኒ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ስንጠራ ልዩነታቸው ይደበቃል፤ «ፍጹም» ሲጨመርበት ግን መካከል የሌለው ጥንድ ተለይቶ ይታወቃል።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦
«ግልባጭ» የሚለውን ቃልም አስቡት። ሰዎች «ነገሩ የዚያ ግልባጭ ነው» ሲሉ የተገላበጠውን ማለታቸው ነው፤ እኔ በየቀኑ በማስተናግዳቸው ደብዳቤዎች ግርጌ ግን «ግልባጭ» ለሌሎች ቢሮዎች የሚላክ ያው ደብዳቤ ነው።

ከዘጌ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት የአቅጣጫ ጉዳይ አለ። ጎርጎራ በጣና ሰሜን ዳር፣ ባሕር ዳር በደቡቡ ዳር ሆነው ቢተያዩም በመካከላቸው ያለው ውሃ ትይዩ አደረጋቸው እንጂ ተቃራኒ አላደረጋቸውም። በግዕዝ «አንጻር» ፊት ለፊት ያለውን ነገር ያመለክታል፤ ዛሬ «ከዚህ አንጻር» ስንል ግን ያ ፊት ለፊትነት ጠፍቶ «ከዚህ አቅጣጫ ሲታይ» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሚተያዩ እንጂ የማይጣሉ ነገሮችን የምንጠራበት ቃል ያስፈልገናል። «ተቃራኒ ጾታ» የሚለውን አባባልም የምቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። ክብራንና እንጦስ በጣና ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ደሴቶች ናቸው፤ በክብራን ገዳም ሴት አትገባም፣ በእንጦስ ግን መነኮሳይያት ይኖራሉ። መነኮሳቱንና መነኮሳይያቱን «ተጓዳኝ» ብንላቸው እንጂ «ተቃራኒ» ብንላቸው ልቤ አይቀበለውም።

አርታዒ፦
«ተጓዳኝ» ለእንዲህ ያለው ጥንድ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለገዢና ለሻጭም፣ ለመምህርና ለተማሪም ይሆናል። «ተጻራሪ» ደግሞ «ፀረ ተባይ» ስንል ከምናውቀው «ፀር» ጋር የተዛመደ በመሆኑ ጠብ ላለበት ብቻ ይቆይ፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሙቅ ውሃ ጠላት አይደለም።

መምህር፣ ከባሕር ዳር፦
«ፍጹም»ን በተመለከተ ሐሳቤን ለውጫለሁ። በሚቀጥለው ፈተና «መካከል የሌለው ተቃራኒ» እና «መካከል ያለው ተቃራኒ» ብዬ ለይቼ እጠይቃለሁ፤ ለሁለተኛው ዓይነት መካከለኛውን ቃል ጭምር እንዲጽፉ አደርጋለሁ፣ ያን ጊዜ «ለብ ያለ» ነጥብ ያስገኛል። ለልጅቷ አባትም ስለ «ፍጹም» ያነሡት ክርክር ትክክል እንደነበረ፣ የልጃቸው መልስ ግን አሁንም ስህተት መሆኑን ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ።