አይጥ ጎተራ ገባ፣ ዶሮም በሌሊት እያለቀ ነው፤ ክኒኑን ልጣል ወይስ ሌላ መላ አለ?

ባለጓሮዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባሶና ወራና ውስጥ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ገብሱ ውጭ ድንጋይ ላይ በተቀመጠ ጎተራ ነው ያለው፣ ባቄላው ደግሞ ማድቤት አጠገብ ባለው ክፍል በጆንያ። ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ነው፤ ጆንያው ከሥር እየተቀደደ ባቄላው መሬት ላይ ይፈስሳል። ከዚህ ሌላ በአሥር ቀን አራት ዶሮ ሞቷል። ሁለቱ አንገታቸው ተነክሶ ወድቀው ተገኙ፣ አንዷ ጭንቅላት የላትም፣ አንዷ ጭራሽ ጠፋች። ቤታቸው በተለመደው ባለስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ነው የታጠረው። ጓሮ ያለውን ድንችም ፍልፈል ከሥር እየበላው ነው።

ጎረቤት "እህል ውስጥ የሚጣለውን ክኒን ሁለት ሦስት ፍሬ ኮርኒስ ላይ ጣይበት" ብላ መከረችኝ። ክፍሉን ልጆች ከሚተኙበት የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ምን ትላላችሁ?

የእህል ሰው፦
እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና ክኒኑን አትንኪው። ገዝተሽም ከሆነ ቤት ውስጥ አይደር።

ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ነቀዝ የሚገድለው የአየር እርጥበት ሲነካው የሚወጣው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ነው። 3 ግራም የምትመዝነው አንዷ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ታወጣለች። አየር በማያስወጣ ሸራ ተሸፍኖ፣ ሰውም ከብትም በማያድርበት መጋዘን፣ ሥራውን በሠለጠነ ሰው እጅ እንዲውል የተሠራ ነገር ነው። ኮርኒስ ላይ ሲጣል ጋዙ በስፌቱና በጭቃው ስንጥቅ አልፎ የተኛ ልጅ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ የደረት መጨነቅ ያመጣል። ሰው ምግብ የተጣላው መስሎት "ይተኛ፣ ይሻለዋል" ይላል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ማርከሻ የለውም። ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ቢኖረውም ሽታ አለመኖሩ ጋዙ የለም ማለት አይደለም።

አንድ ሰው ቀድሞ ጥሎት ከሆነ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ በርና መስኮት ይከፈት። ውሃ በፍጹም አይደፋበትም፣ ጋዙን ባንዴ ያፈላዋልና። ያመመው ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ፤ "የእህል ክኒን ነው" ብሎ መናገርም ግድ ነው።

ገበያ ላይ በወረቀት ተቋጥሮ የሚሸጠው ጥቁር ግራጫ ዱቄትም ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ እሱም ሆድ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ደግሞ በአይጥ ላይም ቢሆን ሥራው ግማሽ ነው። ትንሽ ቀምሶ ታሞ የተረፈ አይጥ ያንን ማባያ ዳግም አይነካም።

ጋሼ ባለጎተራ፦
ልጄ፣ አይጥ የሚመጣው ለእህልሽ ነው፣ የሚኖረው በቀዳዳሽ። ሁለቱን ካልነሣሽው የገደልሽውን የሚተካ ከጎረቤት ክምር ይመጣል።

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እወቂ። ኩሱ የሩዝ ፍሬ የሚያክልና ጫፉ የሾለ ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ አይጠ መጎጥ ነው። ማታ ወለሉ ላይና ግድግዳው ሥር አመድ በወንፊት ስስ አድርገሽ ንፊበት። ጠዋት ዱካው፣ የጭራው ሰረዝ ሳይቀር፣ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ ያሳይሻል። ያገኘሽውን ጉድጓድ ሁሉ በጭድ ጠቅጥቀሽ እደሪ፤ ጠዋት ጭዱ የተገፋው ነው አይጥ ያለበት ጉድጓድ።

ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ታልፋለች፣ ስለዚህ 6 ሚሊሜትር ነው ልክሽ። ለመድፈን ጭቃ ብቻውን አይበቃም፣ በአንድ ሌሊት ይፈለፍለዋል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀሽ በላዩ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለስኚው። ሲሚንቶ ካልተገኘ የጠርሙስ ስባሪ ደቅቆ ከጭቃው ጋር ይቦካ፤ ሲቦካ በእግር እንዳይረገጥ፣ በአካፋ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ነው። የቆርቆሮው እያንዳንዱ ጉብታ ሥር አንድ በር አለ። እዚያም ሽቦና ልስን ነው።

የጎተራሽ ችግር ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ስንዝር ተኩል ከፍ ቢል ነው፣ አይጠ መጎጥ ደግሞ ቆሞ 75 ሳንቲሜትር ይዘላል፣ ሻካራ ድንጋይም ለእሱ መሰላሉ ነው። ለከርሞ ጎተራውን አንድ ሜትር ቁመት ባላቸው እግሮች ላይ አውጪው። በየእግሩ ላይ ከላሜራ ጃንጥላ ይሠራል፦ 70 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጪ፣ እስከ መሀሉ ሰንጥቂ፣ እግሩን የሚያቅፍ ቀዳዳ አውጪ፣ ጠርዙን ደርበሽ ወደ ታች እንዲያዘቀዝቅ አድርገሽ ምቺው። ከመሬት ከ75 ሳንቲሜትር በታች አይሁን፣ በእንጨቱና በላሜራው መካከልም ክፍተት አይኑር። ለዘንድሮ ግን የጎተራውን የታችኛውን ወገብ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ለስላሳ ላሜራ ዙሪያውን ጠቅልዪው፤ ጥፍሩ አይይዝለትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መሰላሉ ጎተራው ላይ ተደግፎ ካደረ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። መሰላሉን ማታ ማታ አንሺ። የኩበት ክምር፣ እንጨት፣ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ከጎተራው አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ።

የእህል ሰው፦
ጋሼ ባሉት ላይ ስለ ባቄላው ልጨምር። ሦስት ንብብር ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት (ፒክስ የሚሉት) ነቀዝን በአየር እጦት ይገድላል፣ ኬሚካል አይፈልግም። ግን አይጥ አንድ ቀዳዳ ካበጀበት ያው ተራ ጆንያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከረጢቱ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ ዙሪያውን መጥረጊያ ማዞር የምትችዪበት መተላለፊያ ይኑር። መጠለያ የሌለው ወለል አይጥ አይወድም። ትርፍ ገንዘብ ካለ ክዳን ያለው በርሜል ከሁሉ ይሻላል።

ወጥመድን በተመለከተ አንድ ሁለት ማጥመድ ሰዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች ዋናው ነው። ለአንድ ቤት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚፈናጠር ወጥመድ ባንድ ሌሊት ይጠመድ። አይጠ መጎጥ አዲስ ዕቃ ይፈራል፤ ሦስት አራት ቀን ማባያውን አድርገሽ ሳትወጥሪ ተዪው፣ ይልመደው፣ ከዚያ በአምስተኛው ቀን ሁሉንም ወጥሪ። በሶ በቅቤ ለውሰሽ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ብቻ አጣብቂበት፤ ከበዛ ከዳር ዳር ልሶ ይሄዳል። ወጥመዱ ግድግዳውን በጎኑ ሳይሆን ማባያው ባለበት ጫፍ ይንካው፣ አይጥ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። ኮርኒስ ላይ ያለውን በሽቦ ከወራጁ ጋር እሰሪው፣ አለዚያ ግማሽ የተያዘ አይጥ ወጥመዱን ጎትቶ የማትደርሺበት ሄዶ ይሸታል።

ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። በመጀመሪያው ቀን የውጭውን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኚ፣ የሚመላለሱበትን አንድ ሁለቱን ብቻ ተዪ። ከዚያ አጥምጂ። ለሦስት ሌሊት ምንም ካልተያዘና አመዱ ላይ ዱካ ከጠፋ የቀሩትንም ዝጊ።

ኩሱን በደረቁ አትጥረጊ፣ አቧራው ያሳምማል። አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠሽ አርከፍክፊበት፣ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ በጨርቅ አንሺው።

ቆጥ ጠባቂ፦
ስለ ዶሮዎቹ። አንገት ተነክሶ ሬሳው መቅረቱና ጭንቅላት መጥፋቱ ሸለምጥማጥን ይመስላል። ባለስድስት ማዕዘኑ ሽቦ ዶሮ ያስቀራል እንጂ አውሬ አያቆምም፤ ዶሮዋ ሽቦው ላይ ተደግፋ ስትተኛ ከውጭ ሆኖ ጭንቅላቷን በቀዳዳው ስቦ ይበላል። በሩ ሳይከፈት ጭንቅላት የሌላት ዶሮ የምታገኙት ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ የጠፋችው ዶሮ ላባዋ ወደ ማሳው እየተንጠባጠበ ከሄደ ቀበሮ ነው። በቀን ከእናቷ ሥር ጫጩት ከጠፋ ጭልፊት። ጫጩት በሌሊት ወደ ጉድጓድ ተጎትቶ ከተገኘ ያው አይጠ መጎጥ ነው።

ሸለምጥማጥ ዛፍ ወጪ ስለሆነ ከላይም ክዳን ያስፈልጋል። ቤቱ ከመሬት 60 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። መስኮቱ ሁሉ የተበየደ፣ ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ይሁን፣ በሚስማር ብቻ ሳይሆን በላዩ እንጨት ተደርቦ ይመታ። ቆጡ ከሽቦው ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆጥ ይበቃታል። ቤቱ መሬት ላይ ከሆነና ማንሣት ካልተቻለ ሽቦውን ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ 40 ሳንቲሜትር አንጥፈሽ አፈር አልብሺው፤ የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፣ ሽቦው ላይ ሲደርስ ይተወዋል።

በብርዱ ምክንያት ቤቱን በጨርቅና በማዳበሪያ ጆንያ ግጥም አድርጎ መድፈን በእኛ አገር የተለመደ ስሕተት ነው። ዶሮን ደብረ ብርሃን ላይ የሚጎዳት ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱና የኩሷ ሽታ ነው። ከጣሪያው ሥር፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል፣ አንድ ስንዝር ክፍተት በሽቦ ተሸፍኖ ይቆይ።

መኖው ማታ ይነሣ። ዶሮ በጨለማ አትበላም፤ ማታ የቀረው መኖ የአይጥ ነው፣ አይጡ ደግሞ ሸለምጥማጡን ይጠራል።

ባለጓሮዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ክኒኑ ተመልሷል። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ድመቷ ለምን አልቻለችም? ደግሞ ማታ ማታ የሚጮህ ጉጉት ባሕር ዛፉ ላይ አለ፣ ሰዎች "ሟርት ነው፣ ዛፉን ቁረጡት" ይላሉ።

የመንዝ ጓሳ፦
ድመት ትንሿን አይጥ ትይዛለች፣ ሙሉ ሰውነት ካለው አይጠ መጎጥ ጋር ግን ብዙ ጊዜ አትጋፈጥም። ኮርኒስ ውስጥም አትገባም። ቀዳዳ ከተዘጋ በኋላ አዲስ መጪን ለመያዝ ግን ትጠቅማለች።

ጉጉቱን አደራ። ሌሊቱን ሙሉ የሚያድነው አይጥ ነው፤ ዛፉን መቁረጥ ያለደመወዝ የሚያድር ዘበኛን ማባረር ነው። መርዝን የምጠላበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። ደም እንዳይረጋ አድርጎ የሚገድለው የአይጥ መርዝ አይጡን የሚገድለው ከቀናት በኋላ ነው፤ በእነዚያ ቀናት አይጡ እየተንገዳገደ በቀን ይወጣል፣ ጉጉት፣ ድመት፣ ውሻ ይበላዋል፣ መርዙም ወደ እነሱ ይሻገራል።

እዚህ መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው ጥብቅ ሣር ሜዳ አጠገብ፣ ነገሩ ከዚያም ይከብዳል። ቀይ ቀበሮ ኑሮው አይጥና ፍልፈል ነው፣ በቀን ነው የሚያድነው። በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው፣ ከኢትዮጵያ ሌላ አገርም የለውም። አባቶቻችን ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት (ሣሩን በጋራ የሚጠብቁበት የቆየ ደንብ ነው) ጠብቀው ያቆዩት ለሣሩ ነበር፣ ሣሩ ግን ቀበሮዎቹንም አኖረ። እና አንድ ነገር ስለ ውሻ፦ በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮውን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ የተሻገረ ነው። ውሻ ያለው ሁሉ በየዓመቱ ያስከትብ፣ ሌሊትም አይልቀቀው። ሰው በውሻ፣ በድመት ወይም በማንኛውም የዱር አውሬ ቢነከስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ክትባቱን መጀመር አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ ጠበልና ቅጠልም ቢሆን ክትባቱን አያስቀር።

ጋሼ ባለጎተራ፦
ፍልፈሉ ተረሳ። ልጄ፣ ብዙ እንዳይመስልሽ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ፍልፈል ብቻ ነው የሚኖረው፤ ድንቹን ሁሉ የሚበላው አንዱ ወይም ሁለቱ ነው። ጭስና ውሃ አታባክኚ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ በመካከሉ አፈር ደፍኖ ይቀመጣል።

ጠዋት በማለዳ፣ እርጥብና አዲስ የሆነውን የአፈር ቁልል ምረጪ። ቁልሉን ጥረጊና ዋናው መንገድ እስኪገኝ ቆፍሪ፣ ክንድ በሚያስገባ ስፋት ክፈቺው። ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ ስለማይወድ ቀዳዳውን ሊደፍን አፈር እየገፋ ይመጣል፤ አንዳንዴ በሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ። ነፋሱ ከአንቺ ወደ ጉድጓዱ እንዳይሆን ቁሚ፣ መሬቱን አትርገጪ፣ ርምጃ ይሰማል። የሚገፋው አፈር ሲንቀሳቀስ ስታዪ ከጀርባው፣ ከጉድጓዱ አፍ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ኋላ፣ አካፋውን በአንድ ጊዜ ስከኪው፤ የመመለሻ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ከፊት ለፊት በእጅ አትያዢው፣ ጥርሱ ጣት ይቆርጣል። ከዚያ መንገዱን ሳትደፍኚ ክፍቱን ተዪው፤ እስከ ማግሥቱ ማታ ካልተደፈነ ሌላ የለበትም።