1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ላይ ቱርቦ ለማስገጠም፦ ሙሉ ኪት ማስመጣት ይሻላል ወይስ እዚሁ ማሠራት?

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ጤና ይስጥልኝ። ለአስጎብኚነት ሥራ የምጠቀምባት ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 1ኤችዜድ ሞተር የተገጠመላት፣ ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል ተሽከርክሮ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የወጣች ናት። የሞተሩ ጤንነት አያሳስበኝም፤ ዘይት አይበላም፣ ብርድ በሆነ ጠዋትም ካንዴሌታው እንደሞቀ ወዲያው ይነሣል። የሚያስቸግረኝ ዳገት ነው። እንግዶችን፣ ድንኳንና የነዳጅ ጀሪካን ጭኜ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ከሁለተኛ ማርሽ መላቀቅ አልችልም፤ በጣርማ በር በኩል ስሄድ ደግሞ የተጫነ አይሱዙ ሳይቀር ጥሩምባ እየነፋ ያልፈኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከፋብሪካው ቱርቦ ባለው ሞዴል የመቀየሩን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ አገር ውስጥ ያሉትም ዋጋቸው አይቀመስም።

ስለዚህ ባለችኝ መኪና ላይ ቱርቦ ለማስገጠም ወስኛለሁ። አንደኛው አማራጭ ለዚሁ ሞተር ተብሎ አውስትራሊያ ውስጥ የሚዘጋጀውን ሙሉ ኪት ማስመጣት ነው፤ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚወስደው ክፍል)፣ ቱርቦው፣ የዘይት መስመሮቹ፣ ቱቦዎቹና ብሎኖቹ ሳይቀሩ አብረው ይመጣሉ፤ ነገር ግን ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር የአውስትራሊያ ዶላር ከመሆኑም በላይ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርበታል። ሁለተኛው ሶማሌ ተራ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ ያቀረበልኝ ነው፤ ማኒፎልዱን በብየዳ ሠርቶ፣ ከአይሱዙ ኤንፒአር የወረደ ቱርቦ አስሮ፣ የኪቱን ዋጋ ሩብ በማይሞላ ገንዘብ እጨርስልሃለሁ ብሎኛል። ይህ ሁሉ የዋጋ ልዩነት ከየት እንደመጣ፣ በተለይም ኪቱ ከብረቱ ሌላ ምን እንደሚሰጠኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው።

መልስ፦ ዙርና ግፊት

ከአይሱዙው ቱርቦ ልጀምር፤ ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ያስኬዳልና። ባለ ቱርቦው የኤንፒአር 4ኤችጂ1 ሞተር 4.6 ሊትር ገደማ ሲሆን የእርስዎ 4.2 ሊትር ነው፤ ትልቁን ሞተር የመገበ ቱርቦ ለትንሹ አያንስም ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ቱርቦ የሚመረጠው በሊትር ብቻ ሳይሆን ሞተሩ በደቂቃ በሚስበው አየር ነው። አይሱዙው ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ በ3000 ዙር አካባቢ ሲሆን 1ኤችዜድ ግን እስከ 3800 ይዘልቃል። የእነዚህ ሞተሮች እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ አየር ስለሚስብ፣ ስሌቱ ሲሠራ አይሱዙው በደቂቃ 6.9 ሜትር ኩብ አካባቢ ሲጠቀም የእርስዎ ወደ 7.9 ይደርሳል። ማለትም ትንሹ ሞተር ከትልቁ 15 በመቶ ያህል የበለጠ አየር ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ቱርቦ በታችኛው ዙር ደስ የሚል ጉልበት ሰጥቶ ላይ ሲደርስ ይታፈናል፤ ሲታፈን ደግሞ አየሩን ከመግፋት ይልቅ ያሞቀዋል፣ የጭሱም ግፊት ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ይወርዳል። መኪናዎ ዳገት የሚያቅታት ሞተሩ ደክሞ ሳይሆን ከሚያስፈልጋት አየር ሩቡ ስለሌለ ነው። አሁን ቱርቦው 50 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ግማሽ ባር፣ እንዲጨምር ተደረገ እንበል። በባሕር ዳርቻዋ የአውስትራሊያ ከተማ ሜልቦርን ላይ 101 የነበረው 151 ይሆናል፤ ይህም አንድ ተኩል እጥፍ ነው። እዚህ 76 የነበረው 126 ይሆናል፤ ይህ ግን ወደ 1.66 እጥፍ ነው። ጌጁ ላይ የሚነበበው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ እዚህ ያለው ቱርቦ የበለጠ ይለፋል፣ ለሞተሩ የሚያደርሰው አየር ግን ያንሳል።

ኪት ሲገዙ የሚከፍሉት በዋናነት ለብረቱ አይደለም፤ የቱርቦውን ኮምፕሬሰር (አየሩን የሚገፋውን ክፍል) እና ተርባይን (ጭሱ የሚያሽከረክረውን ክፍል) ከ1ኤችዜድ ጋር አስማምቶ፣ ሞክሮ ላረጋገጠው ሰው ድካም ነው። ሆኖም ከኪቱ ጋር የሚመጣው የነዳጅ ማስተካከያ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ከሆነ፣ እዚህ እንዳለ ሲተገበር ነዳጁ ከአየሩ ይበልጥና ጥቁር ጭስ ይከተላል። ዝግጁ የተባለውም ዕቃ ለደጋ አገር ዝግጁ የሚሆነው በግማሽ ነው።

1ኤችዜድ ለቱርቦ ታስቦ እንዳልተሠራም አይርሱ። ከፋብሪካው ባለ ቱርቦ የሆነው ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ ፒስተኖቹን ከሥር በዘይት እየረጨ የሚያበርድ መርጫ አለው፣ የእመቃ መጠኑም (አየሩ ሲሊንደር ውስጥ የሚጨመቅበት ልክ) 18.6 ለ1 ነው፤ የእርስዎ ሞተር መርጫው የለውም፣ እመቃውም ከ22 ለ1 በላይ ነው። በማንኛውም አማራጭ ቢሄዱ ከግማሽ ባር እንዳያልፉ እመክራለሁ።

መልስ፦ ቶርኖ ቤት

የአየሩ ስሌት ትክክል ነው። ነገር ግን አገር ውስጥ የተሠራ ማኒፎልድ ሁሉ መጥፎ ነው ወደሚል ድምዳሜ እንዳንደርስ፣ ቶርኖ ቤት የማየውን ልጨምር። ተሰንጥቀው ከሚመጡልኝ ማኒፎልዶች የብዙዎቹ ችግር የሚጀምረው ከብየዳው ሳይሆን ከፍላንጁ (ማኒፎልዱ ሞተሩ ላይ በብሎን ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት) ነው። ሠሪው ቀጭን ላሜራ ይወስድና ስድስቱን ቀዳዳዎች በአንድ ወጥ ብረት ላይ ይቆርጣል። 1ኤችዜድ ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ስለሆነ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ረጅም ነው፤ ብረቱ በዳገት ግሎ በቁልቁለት ሲቀዘቅዝ ይጣመምና መጀመሪያ የዳርቻውን ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ማሸጊያ) ያስነፍሳል፣ ቀጥሎ ብሎኑን ይበጥሳል። ፍላንጁ ከ12 ሚሊ ያላነሰ ውፍረት ኖሮት በቀዳዳዎቹ መካከል ከተቆረጠ፣ ቱቦው ተራ የውኃ ቧንቧ ሳይሆን ወፍራም የእንፋሎት ቧንቧ ከሆነ፣ በአርጎን ከተበየደና ከብየዳው በኋላ ፊቱ ፍሬሳ (ብረት ልጦ የሚያስተካክል ማሽን) ላይ ተመልሶ ከተስተካከለ ዓመታት ያገለግላል። ጋራዡ ዘንድ ሄደው የፍላንጁን ውፍረትና ከብየዳ በኋላ ፊቱ የት እንደሚስተካከል ይጠይቁ፤ «አታስብ፣ እኛ አለን» የሚል መልስ ከሰጡዎት ቢተዉት ይሻላል።

ከማኒፎልዱ በላይ የሚያስፈራኝ የዘይት መመለሻው ነው። ዘይቱ ወደ ቱርቦው የሚገባው በፖምፓ ግፊት ነው፤ ሲመለስ ግን የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ቱቦው ጠባብ ከሆነ፣ ወይም እንደ ዝሆን ኩምቢ ወርዶ ተመልሶ ወደ ላይ ከታጠፈ፣ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በዘንጉ ዳር አምልጦ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። ሰማያዊ ጭስ ያየው ባለቤት ቱርቦው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም እንዲሁ ያጨሳል። መመለሻው ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) መግባት ያለበት ከዘይቱ ከፍታ በላይ ነው፤ ለዚህም ኮፓው ወርዶ፣ ተበስቶና ተበይዶ፣ ታጥቦ መመለስ አለበት። ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ኮፓውን በቦታው እንዳለ የሚበሳ መካኒክ የብረት ብናኙን ለብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ ለሚሽከረከርበት ለስላሳ ብረት) ትቶለት ይሄዳል።

መልስ፦ ከሻርጃ

ወንድሜ፣ በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ። የምኖረው ሻርጃ፣ ካገለገለ የመኪና ዕቃ ገበያው አጠገብ ነው። እዚህ ከ1ኤችዲ-ቲ የወረደ ሲቲ26 ቱርቦ ይገኛል፤ ቶዮታ ራሱ ለ4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር የመረጠው ስለሆነ ከላይ የተነሣው የአየር ጥያቄ በአብዛኛው የተመለሰ ነው። ማኒፎልዱም አብሮ ከተገኘ የ1ኤችዜድ ጓርኒሲዮን ፊቱ ላይ ተለጥፎ ቀዳዳዎቹ መገጣጠማቸው ሳይታይ ገንዘብ አይከፈልም፤ ሻጩ «አንድ ናቸው» ማለቱ ብቻውን አይበቃም።

ያገለገለ ቱርቦ ሲገዛ ዘንጉን በጣት ይዞ መፈተሽ የግድ ነው። ወደ ጎን ጥቂት መላወሱ ያለ ነገር ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ይይዘዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሳብ ከሆነ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን የጫሩበት ምልክት ካለ ግን ይተዉት። ታጥቦ ያብለጨለጨውን አልገዛም፤ ከነጥላሸቱ ያለው ስለራሱ ይናገራል፤ የጭሱ አፍ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ደህና ነው፣ ወዝ ካለው ዘይት ሲያስመልጥ ኖሯል ማለት ነው።

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከመልሶቻችሁ የተረዳሁት የአይሱዙውን ሐሳብ መተው እንዳለብኝ ነው። አሁን የማስበው ቱርቦውን፣ ማኒፎልዱንና የዘይት መስመሮቹን እርስ በርስ የሚገጥሙ ሆነው ከውጭ አስመጥቼ፣ የአየር ቱቦዎቹን፣ የጭስ ማውጫውንና የኮፓውን ሥራ እዚሁ ማሠራት ነው፤ ቱቦ ቢያፈስ ያፏጫል፣ ፈትቶም መበየድ ይቻላል። የቀረኝ ጥያቄ የናፍጣ ፖምፓው ነው። መነካት አለበት? ከተነካስ ልኩ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ፖምፓ ቤት

የሥራ ክፍፍልዎ ጥሩ ነው። የአየር ቱቦዎቹን ሲያሠሩ ጫፎቻቸው ላይ ከንፈር እንዲወጣላቸው ያድርጉ፤ አለበለዚያ ማኒኮቶው (ቱቦዎቹን የሚያገናኘው ጎማ) በግፊት እየተንሸራተተ ይወጣል።

ወደ ፖምፓው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ቱርቦው ታስሮ ይነዳ። ደጋ ላይ ያለ 1ኤችዜድ አብዛኛውን ጊዜ ከአየሩ የተረፈ ናፍጣ ስለሚያገኝ ቱርቦው በመታሰሩ ብቻ ጭሱ ይቀንሳል፣ ጉልበትም ይመለሳል። ለከፍታ ቦታ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ፖምፓዎች ደግሞ አናታቸው ላይ የከፍታ ማካካሻ አላቸው፤ የውጭው አየር ሲሳሳ ናፍጣውን ራሱ ይቀንሳል። የእርስዎ ይህ ካለው ቱርቦው አየር ቢጨምርም ማካካሻው ናፍጣውን እንደያዘ ይቀጥላልና፣ ፖምፓው ወርዶ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ያለ ሙቀት መለኪያ የናፍጣ ብሎን (ፖምፓው ላይ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው) አይነካም። ፓይሮሜትሩ (የጭሱን ሙቀት የሚለካው መሣሪያ) ከቱርቦው በፊት፣ ማኒፎልዱ ላይ ይገጠም፤ ቀዳዳው መበሳት ያለበትም ማኒፎልዱ ከመታሰሩ በፊት ነው፤ ታስሮ ከተበሳ ብናኙ በቀጥታ ወደ ተርባይኑ ይሄዳል። ማስተካከያው በትንሽ በትንሹ፣ ከአንድ ዙር ስምንተኛ ባልበለጠ እርምጃ ይሁን። ከ700 ዲግሪ በላይ ለደቂቃዎች የሚቆይ ሙቀት ፒስተንና ቴስታታ ስለሚጎዳ፣ እኔ 650 ላይ ብቆም እመርጣለሁ።

ፈተናው ቀለበት መንገድ ላይ አይደረግም። መኪናዋን እንደ ሥራ ቀን ጭነው የአባይን ዳገት ይውጡ። ድልድዩ ከባሕር ጠለል 1000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ከአዲስ አበባ የወፈረ ነው፤ እዚያ ጭሱ ንጹሕ ሆኖ መታየቱ አያታልልዎት። ወደ ደጀን በተቃረቡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የሚረጨው ናፍጣ ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ የሚታመነው የዳገቱ መጨረሻ ላይ የሚነበበው ሙቀት ነው። ጣርማ በር ከዚያ ስለሚበልጥ ትንሽ ትርፍ ይተዉለት። ፍሪሲዮኑ ያረጀ ከሆነም ከፈተናው በፊት ይቀየር፤ ጉልበት ሲጨመር መጀመሪያ የሚንሸራተተው እሱ ነውና።