400ጂ (በሰከንድ 400 ጊጋቢት) የፋይበር ሊንክ አልነሳም አለኝ፣ አንድ ሌን (ከአራቱ የብርሃን መስመሮች አንዱ) ሞቷል። የሌዘር አሬይ (በአንድ ሞጁል የታጨቁ ሌዘሮች) ነገር እውነት ለሥራ ደርሷል?

የአሽበርኗ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። በሁለት ስዊች መካከል ያለ 400ጂ ሊንክ አልነሳ አለኝ። ሞጁሉ (ስዊቹ ላይ የሚሰካው፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን የሚቀይረው) ዲአር4 የሚባለው ነው። ስዊቹ "ሞጁል ሬዲ" ይላል፣ ዳታ ፓዙም "አክቲቬትድ" ነው፣ ፖርቱ ግን ዳውን። የአርኤክስ (ወደኔ የሚገባው ብርሃን) ንባብ፦ ሌን 1፣ 2 እና 4 ከ-1 እስከ -2 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ)። ሌን 3 ግን -40፣ ጨለማ ነው! የኔን ሞጁል በአዲስ ቀየርኩት፣ ያው ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ ብቻዬን ነኝ፣ ሳይነጋ መነሳት አለበት። ይሄ አራት ሌዘር አንድ ላይ የሚታጨቅበት ነገር ገና አልበሰለም መሰለኝ። አውጥቼ በድሮው 100ጂ ልመልሰው?

ማሜ ኔት፦
ወንድሜ ነቅለህ ሰካው። የኔ ሁሌ በዚህ ነው የሚድነው።

የአሽበርኗ፦
እህትህ ነኝ። ነቅያለሁ፣ ሰክቻለሁ።

ጋሽ ኦፕቲክ፦
ልጄ፣ "አልበሰለም" ከማለትሽ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። በ2010 እኤአ የ100ጂ ደረጃ ሲወጣ በመልቲሞድ ፋይበር ላይ 10 ሌዘር እያንዳንዳቸው 10 ጊጋቢት ይልኩ ነበር። በ2015 ወደ አራት ወረዱ፣ እያንዳንዱ 25 ይዞ። ያንቺ ዲአር4 በ2017 ከ802.3ቢኤስ ደረጃ ጋር የመጣ ነው። አራት መስመር፣ በእያንዳንዱ 100 ጊጋቢት፣ በነጠላ ሞድ ፋይበር እስከ 500 ሜትር። ብርሃኑ እንደ ድሮው በርቶ ጠፍቶ ብቻ አይደለም መረጃ የሚይዘው። ፓም4 ስለሆነ አራት የብርሃን ደረጃ አለው፣ በሰከንድ 53 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ይቀያየራል። ስለዚህ ለነጸብራቅና ለቆሻሻ ከድሮው ይልቅ ስስ ነው። የቆየውን የቪክሰል (ከቺፑ ገጽ ወደ ላይ የሚያበራ ሌዘር) አሬይ ታሪክ ደግሞ ከጀመርን...

ቀጭን ሽቦ፦
ጋሼ፣ ቤት ሲቃጠል የክብሪት ታሪክ? 😂

አቤል ፌክ፦
ፌክ (የስህተት ማረሚያውን) አብሪ። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ፌክ ካልሆነ ሊንክ አይነሳም። ባለፈው እኔም እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር።

ሰብለ ፍራንክፈርት፦
አቤል፣ እሱ የ100ጂ በሽታ ነው። በ400ጂ ዲአር4 ፌክ ግዴታ ነው፣ ያለሱ ሥራ የለም። ደግሞም ፌክ ቢሳሳት አራቱም ሌን ላይ ብርሃን ይታይ ነበር። እሷ ጋ አንዱ ጨለማ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂዋ። "አራት ሌዘር" ያልሽው ላይ ልቆይ። አራት እንዳለው ማን ነገረሽ? ብዙ የሲሊከን ፎቶኒክስ (ብርሃንን በሲሊከን ቺፕ የሚመሩ) ዲአር4 ሞጁሎች ውስጥ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሌዘር ነው። ብርሃኑ ቺፑ ውስጥ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ሞዱሌተር (ብርሃኑ ላይ መረጃ የሚጭን) አለው። ያንቺ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ሌዘር ቢሞት ሁለት ወይም አራት ሌን አብረው ይወድቃሉ። አንድ ሌን ብቻ ሲጠፋ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሌዘሩን አይደለም።

የአሽበርኗ፦
እሺ፣ ግን "ሬዲ" እያለኝ ለምን አይሠራም? ሬዲ ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?

ሰብለ ፍራንክፈርት፦
ሬዲ ማለት ሞጁሉ ሙሉ ኃይል አግኝቶ ከስዊቹ ጋር መነጋገር ጀምሯል ማለት ነው። "ዳታ ፓዝ አክቲቬትድ" ደግሞ ሞጁሉ በራሱ በኩል ለመላክና ለመቀበል ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ከወዲያ በኩል ብርሃን ይምጣ አይምጣ ሁለቱም አይነግሩሽም።

ቀጭን ሽቦ፦
በስልክ ካሜራ እዪው። ሌዘሩ ከበራ ሐምራዊ ነጥብ ይታይሻል።

ሰብለ ፍራንክፈርት፦
አይታይም! እሱ ለ850 ናኖሜትር መልቲሞድ ነው። ይሄ 1310 ነው፣ የስልክ ካሜራ አያየውም። በዓይንም አይታይም፣ ስለማይታይ ነው አደገኛ የሆነው። ማንም ጫፉን ወደ ዓይኑ እንዳያዞር!

ዘሪሁን ኬብል፦
እኅቴ፣ ሁሉም አንድ ነገር ዘለሉብሽ። አርኤክስ ነው የጨለመው። ወደ አንቺ የሚገባው ብርሃን ከወዲያኛው ስዊች ነው የሚነሳው። የራስሽን ሞጁል መቀየር ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ የወዲያኛውን ቲኤክስ (የሚልከውን ብርሃን) ሌን 3 እዪ።

የአሽበርኗ፦
አየሁት። የወዲያኛው ቲኤክስ አራቱም ጥሩ ናቸው። በመካከል ሁለት ፓች ፓነል (ኬብሎች የሚገናኙበት ሰሌዳ) አለ፣ አልነገርኳችሁም መሰለኝ። ኬብሉ ቢጫ ነው፣ ጫፉ አረንጓዴ።

ዘሪሁን ኬብል፦
አልነገርሽንም 😄። አረንጓዴ ከሆነ ኤፒሲ (ሰያፍ ጫፍ) ነው፣ ለዲአር4 ትክክል ነው። ፓነሉም አረንጓዴ መሆኑን አረጋግጪ፣ ሰያፍ ጫፍ ከጠፍጣፋ ጋር አይገጥምም። ቲኤክስ "ጥሩ" ማለቱ ላይም ብዙ አትመኪ። ያ ንባብ ሞጁሉ ውስጥ የሚለካ ነው፣ ጫፉ ላይ አቧራ ቢኖር አይነግርሽም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። በኤምፒኦ 12 (12 ፋይበር በአንድ ጫፍ የሚይዘው መሰኪያ) ውስጥ የሚሠሩት ስምንት ፋይበር ናቸው። ከ1 እስከ 4 መላኪያ፣ ከ9 እስከ 12 መቀበያ፣ መካከሉ አራት ባዶ። ታይፕ ቢ ኬብል 1ን ከ12፣ 3ን ከ10 ያገናኛል። ያንቺ አርኤክስ ሌን 3 ያለው 10 ቁጥር ላይ ነው።

ከአንቺ ስዊች እስከ ፓነሉ ያለችውን አጭር ኬብል ሁለቱንም ጫፍ ንቀይና ገልብጠሽ ስኪያት። የስዊቹ ጫፍ ወደ ፓነል፣ የፓነሉ ወደ ስዊች። ይሄ የሚሆነው ሁለቱም ጫፍ ፒን የሌለው ከሆነ ነው። ችግሩ ከአንቺ ዘንድ ጠፍቶ በወዲያኛው ስዊች አርኤክስ ሌን 3 ላይ ከታየ ጥፋቱ የዚያች ኬብል ነው። ካልተንቀሳቀሰ በወዲያኛው ጫፍ ያለችውንም እንዲሁ አድርጊ። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ በፓነሎቹ መካከል ያለው ትልቁ ኬብል ወይም የወዲያኛው ሞጁል ነው።

ማሜ ኔት፦
ከመገልበጧ በፊት ታጽዳው እንጂ። አጽጂው።

ዘሪሁን ኬብል፦
ማጽዳት ግዴታ ነው፣ ግን የኤምፒኦ ማጽጃ ካለ ብቻ። በሸሚዝ ጫፍ የሚጠርግ አይቻለሁ። ከገለበጥሽ በኋላ ችግሩ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ቆሻሻ ነበር ወይም በደንብ አልተሰካም ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ኬብሉን አትወርውሪ።

ጋሽ ኦፕቲክ፦
ዘሪሁን በትክክል ተናግሯል። "ደርሷል ወይ" ለሚለው ግን መልስ ልስጥ። ደርሷል፣ ግን ሌዘር ሙቀት እንደማይወድ ሁሉም ያውቃል። ኦፕቲክሱን ከስዊች ቺፑ አጠገብ የሚያስቀምጡት አዳዲስ ዲዛይኖች፣ ለምሳሌ ኤንቪዲያ በመጋቢት 2025 እኤአ ያስተዋወቃቸው፣ ሌዘሩን ከቺፑ ለይተው በውጭ በሚነቀል ሣጥን ውስጥ ያደርጉታል። አንዱ ቢሞት ስዊቹን ሳይሆን ሌዘሩን ትቀይሪያለሽ። ያልበሰለ ነገር ካለ እዚያ ይፈለግ፣ ዲአር4 ላይ አይደለም።

አቤል ፌክ፦
እኔ አሁንም ፌክ ነው የምለው።

የአሽበርኗ፦
ፓነሉም አረንጓዴ ነው። ጫፎቹ ፒን የላቸውም። ማጽጃው ሌላኛው ክፍል ነው፣ ላመጣ ሄድኩ። ከዚያ ገልብጬ እነግራችኋለሁ።

ዘሪሁን ኬብል፦
ሲነሳም ሊንኩ አፕ አለ ብለሽ ብቻ አትሂጂ። የእያንዳንዱን ሌን ኃይል እዪ፣ ከ-5.9 ዲቢኤም በታች መውረድ የለበትም። ከፌክ በፊት ያለው የስህተት መጠንም ከ2.4 በ10,000 በታች በደንብ ካልራቀ ነገ ይመለስብሻል።

ኤዶ ዱባይ፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ ደግሞ ዲአር4ን ወደ አራት 100ጂ ከፍዬ (ሰብሬ) ሦስቱ ተነስተው አንዱ አልነሳም። ይሄው መገልበጥ ለኔ ይሠራል?

ዘሪሁን ኬብል፦
አይሠራም፣ ያንተ ኬብል በአንድ በኩል አራት የኤልሲ (ትንሽ መሰኪያ) ጫፍ አለው። የሞተውን ጫፍ ከሚሠራው ጋር ቦታ አቀያይር። ችግሩ ከጫፉ ጋር ከሄደ ኬብሉ ነው ወይም የ400ጂው ሞጁል፣ እዚያው ፖርት ላይ ከቀረ የዚያ ፖርት ሞጁል ነው። የ100ጂው በኩል ዲአር ወይም ኤፍአር የሚባል ሞጁል መሆኑንም እይ። ኤልአር4 ከሆነ ጭራሽ አይነጋገሩም።

ማሜ ኔት፦
የአሽበርኗ፣ ተነሳ?