ለከተራ የምትመጣ እንግዳ ምን ላብላት?

የአራዳዋ፦ የጎንደር ልጆች፣ እስቲ ምከሩኝ። የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ጥር 10 ጠዋት ትገባለች። ስልክ ባነሳች ቁጥር «ዶሮ ወጥ ሠርተሽ ጠብቂኝ» ነው። ቀኑ ደግሞ ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ምን ላቅርብላት?

ቀሃ፦ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት። ሱፉ ቀዝቀዝ ይበል፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከተፍ አድርጊበት። ታቦቱን አጅባ በዚያ ፀሐይ እስከ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወርዳ ስትመለስ ነፍሷን ይመልሰዋል።

የአራዳዋ፦ ተባረኪ! ዶሮውስ?

ቀሃ፦ ለ11። ሽንኩርቱን ግን ማታውኑ አቁላይው። ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ በደንብ እስኪበስል። ጠዋት ሰው ሁሉ ጸበል ሲረጭ አንቺ ምድጃ ሥር እንዳትቀሪ።

የአራዳዋ፦ እሺ እናቴ። ሌላም ጭቅጭቅ አለን። ዘፋኟ አስቴር አወቀ የአዲስ አበባ ልጅ ናት ብላ ጓደኛዬ ድርቅ አለች።

ቀሃ፦ የተወለደችው ጎንደር፣ ያደገችው አዲስ አበባ። ሁለታችሁም ድርሻ አላችሁ። ይልቅ ስለ ድምጿ አውሩ። እንቁላሉን ደግሞ ዛሬውኑ ግዢ፣ በዋዜማው ይወደዳል።