ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ ለነዳያን ብር መስጠት ይቅር ወይስ አይቅር?

ሄኖክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስብሰባው ላይ ላልነበራችሁ ባጭሩ፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያናችን የወጣቶች ኮሚቴ ከመጪው ወር ጀምሮ በር ላይ ለሚቀመጡት ነዳያን በእጅ ብር መስጠት ቀርቶ ሳጥን ይቀመጥ፣ በሚሰበሰበው ብር የምግብ ኩፖን ታትሞ ይታደል፣ በሩ ላይም «እባክዎ ገንዘብ አይስጡ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ ብሏል። ሀሳቡን ካመጡት አንዱ እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ ልጅ ይዘው የሚቀመጡትን ታውቋቸዋላችሁ፣ ልጆቹ እዛው በር ላይ እያደጉ ነው፣ እኛ በሰጠን ቁጥር ልጁን ትምህርት ቤት ከመላክ በር ላይ ማስቀመጡ የሚያዋጣ እየሆነ ነው። ይሄ ፍቅር ነው ወይ? ተወያዩበትና እሁድ ለአባ እናቀርባለን።

ናትናኤል፦
እኔ እደግፋለሁ። አንዴ ቸርችል ላይ ለአንድ ልጅ ብር ሰጥቼው ዞር ስል ማስቲሽ ሲገዛ አየሁት፣ እስከዛሬ ከአይኔ አልጠፋም። ኩፖን ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ እዛው ቸርችል ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው የእርዳታ ድርጅት የምግብ ትኬት ይሸጥ ነበር ሰው ገዝቶ ያድላል በቃ። ሰርቷል እኮ።

ማርታ ፒያሳ፦
ሄኒ ስለልጆቹ ያልከው ልክ ነው እሱ ላይ አልከራከርህም። ማስታወቂያው ግን አሞኛል የምሬን ነው። እኛ አገር ሳንሰጥ ስናልፍ ምን እንላለን፣ «እግዜር ይስጥሽ» እንላለን። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ላይ የዕለት ምግብ ያጣውን ሰው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብላችሁ የሚያስፈልገውን ካልሰጣችሁት ምን ይጠቅመዋል ያለው እኮ ይቺኑ ቃላችንን ነው። አሁን ደግሞ ጭራሽ ፅፈን በር ላይ ልንሰቅላት ነው።

ሌላው፣ ባለፈው እሁድ ከግንቡ ስር ሁሌ ከምትቀመጠው እናት ጎን ቁጭ ብዬ ኩፖን ይሻልሻል ወይስ ብር ብዬ ጠየቅኳት፣ ዝም ብላ ቆየችና ልጄ ምግቡንስ ቡሌም (ትራፊ) ቢሆን አላጣም፣ አዳሬን ግን ማን በኩፖን ይቀበለኛል አለችኝ። በአዳር ከፍለው መሬት ላይ ተደርድረው የሚተኙበት ቤት አለ፣ ማታ ብሩን ካልያዘች አያስገቧትም፣ ዝናብ ቢሆንም ልጅ ብታቅፍም ያው ነው። እኛ ስብሰባ ላይ ስለ ምግብ ሁለት ሰዓት ስናወራ አዳር የሚባል ነገር ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴ አላሰብኩትም፣ ምክንያቱም ከመካከላችን ማንም ቀድሞ አልጠየቃቸውም።

ዳዊት፦
እኔ ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓብይ ፆም ሊገባ ሲል ሚላን ውስጥ ቤት አልባ ሰዎች ለሚሸጡት አንድ መፅሔት ቃለ መጠይቅ ሰጥተው ነበር፣ ለለመነ መስጠት ሁልጊዜ ትክክል ነው ነው ያሉት፣ ግን ሳንቲም ወርውሮ ማለፍ ሳይሆን አይኑን እያዩ እጁን እየነኩ ነው። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ባወጡት «ዲሌክሲ ቴ» በሚባለው መልእክት መጨረሻው ላይ ምፅዋትን ዛሬ ሰው እንደሚንቀውና መተው እንደሌለበት ፅፈዋል። በሌላ በኩል ግን ሳጥኑንም ልብ የሌለው አታድርጉት፣ የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ለመበለቶች በየቀኑ የሚሰጠው ነገር ላይ ማጉረምረም ሲነሳ 7 ሰዎች ተመርጠው ነው ሥራው የተደራጀው። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛም በእ.ኤ.አ. 2005 መልእክታቸው ፍቅር ሥርዓትና አደረጃጀት ያስፈልገዋል ብለዋል። ክልከላውን ብቻ ነው እኔ የማልቀበለው።

ሰላማዊት (ማህበራዊ ሰራተኛ ነኝ)፦
የልጆቹን ነገር በደንብ ላስረዳ ምክንያቱም ሁለታችሁም ግማሹን ነው ያያችሁት። አዲስ አበባ የመንግስት ትምህርት ቤት ውስጥ አሁን ምገባ አለ፣ ስለዚህ ልጁ ቢመዘገብ ቁርስና ምሳ ያገኛል። ታዲያ ለምን በር ላይ ነው? እኔ የተከታተልኳት አንዲት እናት ከገጠር የመጣች ናት፣ መታወቂያ የላትም፣ ልጇን ልታስመዘግብ ሄዳ የልደት ሰርተፍኬት አምጪ ተብላ ተመልሳለች፣ ሶስቴ። ከሷ ጋር እየተመላለስን ወረቀቱን እስክንጨርስ ወራት ፈጅቷል፣ ልጁ ግን ዛሬ ይማራል፣ እሷም እሁድ ብቻዋን ነው የምትመጣው። ኩፖን ይሄን አይሰራም 10 ብርም አይሰራም። አብሮ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው ነው የጎደለው። ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ ሲስተሮች ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ የታመመውን አጥበው አጉርሰው ነው የሚውሉት፣ በሳጥን አይደለም።

ናትናኤል፦
ሰሊ እሺ ግን ሁላችንም ስራ አለን። ሲስተሮቹ ህይወታቸውን ነው የሰጡት፣ እኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢሮ ነኝ። ሳጥን ላይ መክፈል የምችለው እሱን ስለሆነ ነው፣ ያንንም አታጣጥሉብኝ።

ሰላማዊት፦
አላጣጣልኩም ወንድሜ፣ ይቅርታ እንደዛ ከተሰማህ። ፎቶ ኮፒውም ታክሲውም ካንተ ሳጥን ነው የሚወጣው።

እትዬ ዘውዴ፦
ልጆቼ እኔ ብዙ አልፅፍም። ድሮ በር ላይ የሚቀመጡትን በስም እናውቃቸው ነበር፣ ግማሾቹ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ናቸው፣ ማን ታመመ ማን ወለደች ይሰማል፣ ሲሞቱም የምንቀብራቸው እኛው ነን። ሰፈሩ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ እኛም ተበትነን በሁለት ታክሲ ነው ቅዳሴ የምንመጣው፣ እነሱም ተበትነዋል፣ አሁን ያሉትን አላውቃቸውም። ሳላውቃት ስለሷ መወሰን ከበደኝ። ደግሞ የሚሰጠኝ ባይኖር ኖሮ እኔም አላደግኩም።

ዮናስ፦
እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ማርታ ናት ግሩፑ ውስጥ ያስገባችኝ፣ ከፈቀዳችሁ አንድ ነገር። በ2011 ከተማው ልመናንም ለለማኝ መስጠትንም የሚከለክል ህግ ሊያወጣ ነው ሲባል ሰው ምን ያህል እንደተቆጣ አስታውሳለሁ፣ ምፅዋት እንዴት ይከለከላል ተብሎ። ያን ያህል ተቆጥተን አሁን ቤተክርስቲያን በር ላይ ያንኑ ብንፅፍ ነገ ደንብ ሲመጣ ምን አፍ ይኖረናል?

ሄኖክ፦
ማስታወቂያውን ከሀሳቡ አወጣዋለሁ፣ ማርታ ትክክል ነሽ አልጠየቅናቸውም። ልጅ አስቀምጦ መለመን ላይ ግን ሀሳቤን አልቀየርኩም፣ ልጅ ለያዘ በእጅ ብር ባይሰጥ ነው አሁንም የምለው።

ማርታ ፒያሳ፦
እኔ ደግሞ ልጅ የያዘችው ናት አዳር የምታጣው እላለሁ። እሱ ላይ እንለያያለን።

ሄኖክ፦
እንለያይ። ለአባ ሁለቱንም እንደነበረ አቀርባለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰሊ፣ ማርታና እትዬ ዘውዴ በሩ ጋ ቆይታችሁ አብረን እንጠይቃቸው፣ ስንት ሰው አዳር እንደሚከፍል፣ ስንቱ ወረቀት እንደሌለው። ናቲ ለማተሚያ ቤቱ ደውልና ኩፖኑን እስከ ሰኞ እንዳይጀምር ንገረው፣ ቀብድ ገና አልከፈልንም።