ከተውኔቱ ተነጥሎ የሚዜም ዘፈን፤ እናንተ የትኛውን ታንጎራጉራላችሁ?

የአሌክሳንድሪያዋ (ቨርጂኒያ)

ለሙዚቃዊ ቲያትር ወዳጆች ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በማታ ፈረቃ የምሠራ ስሆን፣ ወደ ሥራ ስነዳ ከብሮድዌይ ተውኔቶች የተቀዱ ዘፈኖችን መስማት የቆየ ልማዴ ነው። በመኪና ውስጥ የሚሰማ ዘፈን ግን ተራውን ጠብቆ አይመጣም፤ የአንዱ ተውኔት መዝጊያ ከሌላው መክፈቻ ጋር ተደባልቆ፣ ማን ለማን እንደሚዘፍነው ሳይታወቅ ያልፋል። ጥያቄዬም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

በሩሲያ ስለሚኖር የአይሁድ ቤተሰብ በሚተርከው «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» በተባለው ተውኔት ውስጥ፣ ጄሪ ቦክ ዜማውን ሼልደን ሃርኒክ ደግሞ ግጥሙን የደረሱት «ፋር ፍሮም ዘ ሆም አይ ላቭ» የሚል ዘፈን አለ። ለረጅም ጊዜ ይህን ዘፈን የማውቀው ለብቻው ነበር። ከምትወደው ቤት የራቀች ሴት እንጉርጉሮ በመሆኑ፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ ሥራ መግባት ግድ ሲሆንብኝ ደጋግሜ እሰማው ነበር። በኋላ ተውኔቱን በመድረክ ስመለከት፣ ዘፋኟ ሆደል ገና እንዳልሄደች፣ ከአባቷ ከቴቭዬ ጋር ጣቢያ ቆማ ባቡር እየጠበቀች እንደሆነ፣ የምትሄደውም ማንም አስገድዷት ሳይሆን ወደ ሳይቤሪያ የተጋዘውን እጮኛዋን ፐርቺክን ለመከተል በገዛ ፈቃዷ እንደሆነ አየሁ። የምትዘፍነው ለአባቷ ነው፤ እርሱም አጠገቧ ሆኖ ይሰማል እንጂ አብሯት አያዜምም። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ስለ ራሴ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን፣ ቦሌ ድረስ ሸኝቶኝ ብዙም ሳይናገር ስለተመለሰው አባቴ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ዘፈኑ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በዚህም ደስ ብሎኛል ለማለት እደፍራለሁ።

እናንተስ በዕለት ተዕለት ኑሯችሁ፣ በወጥ ቤትም ሆነ በመንገድ ላይ፣ ከሙዚቃዊ ቲያትር የትኛውን ዘፈን ታንጎራጉራላችሁ? አንድን የተውኔት ዘፈን በሚገባ ለመውደድስ ማን፣ ለማን፣ በየትኛው ትዕይንት እንደሚዘፍነው ማወቅ ያስፈልጋል ትላላችሁ?

ቀዩ አውቶቡስ (ለንደን)

እህቴ፣ ጥያቄሽ መልካም ነው፤ እኔ ግን አያስፈልግም ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ከብሮድዌይ ይልቅ ከእግር ኳስ ብጀምር ይሻላል።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን በነበረው የዲኤስቲቪ ቤት የሊቨርፑል ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ የአንፊልድ ተመልካች «ዩ ዊል ኔቨር ዎክ አሎን» እያለ ሲዘምር ድምፁ ከፍ እንዲል የማይጮኽ አልነበረም። እንግሊዝኛውን በቅጡ የማንችለው እንኳ አብረን እናዜመው ነበር። ዘፈኑ ከሙዚቃዊ ተውኔት የተወሰደ መሆኑን ከመካከላችን የሚያውቅ ነበር ብዬ አላምንም። ሪቻርድ ሮጀርስና ኦስካር ሃመርስታይን የደረሱት «ካሩሴል» በኒው ዮርኩ ማጀስቲክ ቲያትር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ነው። ዘፈኑ ወደ ሊቨርፑል ሕዝብ አንደበት የገባው፣ የዚያው ከተማ ልጆች የሆኑት ጄሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ በ1963 በድጋሚ ከተጫወቱት በኋላ ነው። ዛሬ የሴልቲክና የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ደጋፊዎችም ይዘምሩታል።

ለንደን ከገባሁ በኋላ ታሪኩን ተከታተልሁት። ቢሊ ቢግሎ በመዝናኛ ቦታ ሰዎችን ወደ ሽክርክሪት ፈረሶች የሚጣራ፣ ሚስቱን ጁሊን የመታ፣ ልጅ ሊወለድለት መሆኑን ሲሰማ ገንዘብ ፍለጋ ዝርፊያ ገብቶ በገዛ ቢላው ላይ ወድቆ የሚሞት ሰው ነው። ዘፈኑን ነፍሰ ጡር ሆና ባል ለሞተባት ለጁሊ የምትዘፍንላት የአክስቷ ልጅ ኔቲ ናት፤ በተውኔቱ መጨረሻ ደግሞ በልጅቷ በሉዊዝ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ይደገማል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ማወቄ ለዘፈኑ ያለኝን ፍቅር አልጨመረልኝም። የተውኔቱ ፍጻሜ ሚስቱን ለመታ ሰው እጅግ ያደላ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ዘፈኑ ከዚያ ታሪክ ወጥቶ ስታዲየም መግባቱ በጎ ዕድል ነው እላለሁ።

የምነዳው አውቶቡስ ሻፍትስበሪ አቬኑን አቋርጦ ያልፋል። ከምሽቱ አራት ተኩል ገደማ ከሶንድሃይም ቲያትር «ሌ ሚዜራብል»ን አይተው የሚወጡ ሰዎች የአመፁን መዝሙር እያንጎራጎሩ ካርዳቸውን አስነክተው ይገባሉ። እኔ በሥራ ላይ ስለሆንሁ አላግዛቸውም፤ ጋራዥ ገብቼ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ግን የምጨርሰው እኔ ነኝ።

ወለተ ጎንደር (ነታንያ)

ጠያቂዋን እህታችንን አመሰግናለሁ፤ ከለንደኑ ወንድማችን ጋር ግን በሙሉ ልብ መስማማት አልቻልሁም። ከታሪኩ ሲወጣ የሚያምር ዘፈን እንዳለ ሁሉ፣ ሲወጣ የሚሞት ዘፈንም አለ፤ እኔ የምወደው ከሁለተኛው ዓይነት ነው።

እርሱም በዚያው በ«ፊድለር» ውስጥ የሚገኘው «ዱ ዩ ላቭ ሚ» ነው። ቴቭዬ ልጁ ሆደል ከፐርቺክ ጋር እንድትታጭ ከፈቀደ በኋላ፣ ወጣቶቹ ስለ ፍቅር የሚሉት ነገር በሐሳቡ እየተመላለሰ ወደ ሚስቱ ወደ ጎልዴ ይመጣና ትወድደው እንደሆነ ይጠይቃታል። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት በሠርጋቸው ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ 25 ዓመት አልፏል። እርሷም መልስ መስጠት ትታ ያጠበችውን ልብስ፣ ያበሰለችውን ምግብ፣ ያጸዳችውን ቤት፣ የወለደቻቸውን ልጆች፣ ያለበችውን ላም ትቆጥርለታለች። ተመልካች መጀመሪያ ይስቃል፤ እየቆየ ግን ቆጠራው ራሱ መልስ እንደሆነ ይገባውና ሳቁ ይቀንሳል። ይህን ዘፈን ሁለቱን ሰዎች ሳያውቅ በሬዲዮ የሰማ ሰው የባልና ሚስት ቀልድ ብቻ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ቀልድነቱም እውነት ነው፤ ከቀልዱ በታች ያለው ግን ያመልጠዋል።

ለእኔ ይህ ዘፈን የቤት ሥራ ዘፈን ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰንበት ሳይገባ ልብስ ሳሰጣና ምግብ ሳሰናዳ ሳላስበው በአፌ ይመጣል። ወላጆቼ በጎንደር ገጠር በሽማግሌ የተጋቡ ናቸው። አንድ ቀን ዘፈኑን ከፍቼ ለእናቴ ትርጉሙን ባጫውታት፣ ከልቧ ከሳቀች በኋላ «ይህ ደግሞ ይጠየቃል?» አለችኝ። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ምንም አልተናገረም፤ ቡናውን ግን ቶሎ አልጨረሰም።

በዚህ በእስራኤል ተውኔቱ እንግዳ አይደለም። በብሮድዌይ በ1964 ከተከፈተ ከአንድ ዓመት በኋላ በዕብራይስጥ ቴል አቪቭ ላይ ታይቷል፤ በለንደን መድረክና በ1971ዱ ፊልም ቴቭዬን የሆነው ኻይም ቶፖልም የእዚሁ አገር ሰው ነበር። «ሰንራይዝ፣ ሰንሴት» የተባለው ዘፈን በየሠርጉ ይሰማል። በተውኔቱ ውስጥ ግን ያ ዘፈን የተዘፈነበት ሠርግ በሰላም አያልቅም፤ በአይሁድ ላይ የተነሡ ሰዎች ድግሱን በጥቃት ይበትኑታል፤ የመጀመሪያው ገቢርም በዚሁ ይዘጋል። ይህን ለሙሽሮች አልነግርም፤ ለእነርሱ የለንደኑ ወንድሜ ሐሳብ ይበቃቸዋል።

ረጅም መንገድ (ዳላስ)

እኔ በአጭሩ ልመልስ። የጭነት መኪና ስለምነዳ ከቤት የምርቅባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ስመለስ ግን ልጆቼን የማስተኛው «ኤደልዋይስ»ን እያዜምሁ ነው። ብዙ ሰው የኦስትሪያ ባህላዊ ዘፈን ይመስለዋል፤ ነገር ግን ለ«ዘ ሳውንድ ኦቭ ሙዚክ» በ1959 በአሜሪካ የተጻፈ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያረፈው ሃመርስታይን የጻፈው የመጨረሻ ግጥም ነው። ካፒቴን ፎን ትራፕ የሚዘፍነው ናዚዎች አገሩን ከያዙ በኋላ፣ ቤተሰቡን ይዞ ሊሰደድ ሲል፣ በአደባባይ ነው። ልጆቼ ስለ አበባ ብቻ መስሏቸው ይተኛሉ፤ ይህም ይበቃቸዋል። የሚዘፍነው አባት ግን ታሪኩን ቢያውቅ አይከፋም፤ ድምፁን እንዴት ዝቅ እንደሚያደርግ ያስተምረዋል።

ኅብረ ዜማ (አዲስ አበባ)

ውድ ወዳጆች፣ በትምህርት ቤት ሙዚቃ የማስተምርና አንድ አነስተኛ የወጣቶች ኅብረ ዝማሬ የማሠለጥን ሰው ነኝ። የኒው ዮርኩን ብሮድዌይም ሆነ የለንደኑን የቲያትር ሰፈር ዌስት ኤንድን በአካል አላየሁም፤ የማውቀው በፊልምና በድምፅ ቅጂ ነው፤ ያም መብራት ሲኖርና የኢንተርኔት ጥቅሉ ሲፈቅድ። በአገራችን ከሀገር ፍቅር ጀምሮ በታላላቆቹ ቲያትር ቤቶች ተውኔትና ሙዚቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩም፣ ታሪኩን ራሱን ከንግግር ተቀብሎ በዘፈን ወደፊት የሚያራምድ ሥራ ብዙ አልተለመደም፤ ስለዚህ ተማሪዎቼም እነዚህን ዘፈኖች መጀመሪያ የሚያገኟቸው ልክ እንደ እህታችን አንድ በአንድ ተነጣጥለው ነው።

ለጥያቄዋ የምሰጠው መልስ በሙዚቃው አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ክሎድ ሚሼል ሾንበርግና አላን ቡብሊል ከቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ተነሥተው በሠሩት «ሌ ሚዜራብል» ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ገቢር የሚዘጋው «ዋን ዴይ ሞር» ነው። ለብቻው ሲሰማ ብዙ ሰው በአንድነት የሚዘምረው ኃይለኛ ዘፈን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ላይሰማ ይችላል። ተውኔቱን ከመጀመሪያው የተከታተለ ሰው ግን አዲስ ዜማ የሚመስለው ሁሉ ቀደም ብሎ የሰማው እንደሆነ ያስተውላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዣን ቫልዣን የሚጀምርበት ዜማ ማንነቱን ይግለጥ ወይስ ይደብቅ ብሎ የተጨነቀበት ነው፤ ቴናርዲየሮቹ የሚገቡት በመጠጥ ቤታቸው ዜማ ነው፤ ማሪዩስና ኮዜት ደግሞ ፍቅራቸውን የሚገልጹት፣ የኮዜት እናት ፋንቲን «አይ ድሪምድ ኤ ድሪም» እያለች ስለ ጠፋ ሕይወቷ ካለቀሰችበት ዜማ በተወሰደ ክፍል ነው። ልጅቷ እናቷን በቅጡ አታውቃትም፤ ደስታዋን ግን በእናቷ ኀዘን ዜማ ትዘፍነዋለች። ይህን ከጆሮ በቀር ማንም አይነግረንም፤ ጆሮም የሚያውቀው በተራው ሲሰማ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የለንደኑን ወንድማችንን ሐሳብ የሚደግፍ ነገርም አልደብቅም። ኤፖኒን የምትዘፍነው ዝነኛው «ኦን ማይ ኦውን»፣ በ1980 ፓሪስ ላይ በቀረበው የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ ተውኔት ዜማው የፋንቲን ነበር፤ በ1985 ለለንደኑ የባርቢካን መድረክ ሲዘጋጅ ለሌላ ገጸ ባሕርይ ተላለፈ። በአንጻሩ «ብሪንግ ሂም ሆም» በፓሪሱ ውስጥ አልነበረም፤ ለለንደኑ ዝግጅት፣ ቫልዣንን ለተጫወተው ለኮልም ዊልኪንሰን ድምፅ ታስቦ የተጨመረ ነው።

ይህ የመጨረሻው እኔ በሥራዬ ላይ ዘወትር የምታገልበት ዘፈን ነው። ቫልዣን በአመፀኞቹ ምሽግ ላይ ያንቀላፋውን ማሪዩስን እያየ፣ ወጣቱ በሕይወት ወደ ቤቱ እንዲመለስ፣ ሞት ካስፈለገም እርሱ በምትኩ እንዲሞት እግዚአብሔርን ይለምናል፤ የሚለምነውም እንደ ልጁ ያሳደጋትን ኮዜትን ሊወስድበት ለመጣ ሰው ነው። ዜማው ወደ ላይ ይወጣል፤ ድምፁ ግን ዝቅ ማለት አለበት፤ ምክንያቱም የተኛ ሰው አጠገብ የሚደረግ ጸሎት ነው። ተማሪዎቼ ከፍተኛው ኖታ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ መጮኽ ይፈልጋሉ። ስለ ትንፋሽ አያያዝና ስለ ድያፍራም ከምነግራቸው ይልቅ ማሪዩስ መተኛቱን ስነግራቸው ይሻሻላሉ። በኛ አገር ደግሞ ይህን ዓይነት ጸሎት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ባለፉት ዓመታት ልጁ በሰላም እንዲመለስ ሌሊት ያልለመነ ቤት ጥቂት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ የምትወዱትን ዘፈን እንደ ልባችሁ ነጥላችሁ ስሙ፤ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሙሉውን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳትዘሉ አድምጡ። «ሌ ሚዜራብል» ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚዘፈን በመሆኑ ቅጂው ብቻ ታሪኩን ያደርሳል። «ፊድለር»ና «ካሩሴል» ግን ብዙ ንግግር አላቸው፤ እነርሱን በቅጂ ብቻ የሰማ ሰው ግማሹን እንደሰማ ይቁጠረው፤ ፊልሙን ቢያይ ይሻለዋል።

የአሌክሳንድሪያዋ (ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፋንቲንና የኮዜት ነገር በጣም አስደነቀኝ፤ ዘፈኑን ስንት ጊዜ ሰምቼው ይህ አልተገለጠልኝም ነበር። ለወለተ ጎንደር የምጨምረው፣ «ፊድለር» ኒው ዮርክ ከመግባቱ በፊት የተሞከረው በዲትሮይትና እዚሁ ዋሽንግተን ባለው ናሽናል ቲያትር መሆኑን ነው፤ በአጠገቡ ሳልፍ ባለቤቴን አንድ ጊዜ የጎልዴን ጥያቄ ብጠይቀው፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ እየፈለገ ነበርና አልመለሰልኝም።

ቀዩ አውቶቡስ (ለንደን)

እህቴ፣ ጠያቂው ቴቭዬ ነው፤ ጎልዴ መላሽ ናት፤ ስለዚህ ባለቤትሽ መኪናውን ካቆመ በኋላ ያጠበውን ሳሕን መቁጠር ይጠበቅበታል።

ለአዲስ አበባው መምህራችን ደግሞ፣ ደራሲዎቹ ራሳቸው ዜማውን ከፋንቲን ወስደው ለኤፖኒን ከሰጡ፣ ሕዝቡ ከኔቲ ወስዶ ለአንፊልድ ቢሰጥ ነውር የለበትም ብዬ አሁንም እከራከራለሁ። ስለ «ዋን ዴይ ሞር» የተባለውን ግን በራሴ ጆሮ ማረጋገጥ ስለፈለግሁ፣ በሚመጣው የዕረፍት ቀኔ ለሚታየው ትርኢት ላይኛው ሰገነት ላይ ርካሽ ትኬት ቆርጫለሁ። ከመድረኩ ከፊሉን ብረት ይከልለዋል ብለውኛል፤ የምሄደው ለመስማት ነውና ግድ የለኝም።