ለድርጅቶች የምንጽፈው የጋራ ደብዳቤ፦ አዳራሽ ወይስ መድኃኒት?

ጸሐፊዋ፣ ሰኞ ማታ

እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው እሑድ በተስማማነው መሠረት፣ የጎንደር አሥራ ሁለት እድሮች ለአእምሮና ለሚጥል በሽታ ሕሙማን ድጋፍ የምንጠይቅበትን የጋራ ደብዳቤ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። ጊዜው አጭር ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ድርጅቶችም ለማኅበራዊ ድጋፍ የሚያውሉትን ገንዘብ ከዚያ በፊት ይወስናሉ። ሰኔ ከገባ በኋላ ብንሄድ የሚሉን «ለከርሞ ኑ» ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የምክክር አዳራሽ ማሠሪያ፣ መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር ለሚደረገው የእግር ጉዞ ወጪ፣ ለሕሙማን ልብስና ብርድ ልብስ። ይህንን ሁላችንም በእጅ ጭብጨባ አሳልፈነዋል። ቤት ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን ልቤ አልረጋም። የሚመስላችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዡ፣ ሰኞ ማታ

ልጄ፣ አዳራሹ ይቅር የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። ድርጅት የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ግንብ ከሆነ ስማቸው በሩ ላይ ይጻፍላቸዋል፣ እኛም ከዝናብ ተጠልለን እንሰበሰባለን። ተበልቶ በሚያልቅ ነገር ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ብዙም አላየሁም።

ነርሷ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። ጤና ጣቢያ የአእምሮና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ክትትል ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አዳራሽ በማጣት ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው አላጋጠመኝም። የሚያቋርጡት ለመኪና የሚከፍሉት ሲያጡና መድኃኒቱ ሲጠፋ ነው።

ባለፈው ጥር አንዲት እናት ከወገራ በኩል መጡ። የልጃቸውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፊኖባርቢታል የሚባለውን፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ስፈታው ክኒኖቹ ሁሉ ለሁለት ተከፍለዋል። «በምላጭ ከፈልኩት እህቴ፣ ወሩን እንዲያደርስልኝ ብዬ» አሉኝ። ይህ መድኃኒት ግን በድንገት ሲቀነስ ወይም ሲቋረጥ መጣሉ ይብሳል። ልጅቷም በዚያው ሳምንት ምድጃ ላይ ወድቃ የቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። እናትየው ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ጥፋት የለባቸውማ።

መንግሥት በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሲያወጣ የፈለገው ሰው ሁሉ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መንከራተቱ ቀርቶ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ እንዲታከም ነው። ትክክለኛ ሐሳብ ነው፣ እኔም የሠለጠንኩት በዚያ መንገድ ነው። ክኒኑ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ግን ሥልጠናዬ ለማን ይጠቅማል? የጤና መድን ደብተር ያለውም ቢሆን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያጣውን የግል መድኃኒት ቤት በደብተሩ የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እድር መድኃኒት ማከማቸት አይችልም፣ አይገባምም። የሚቻለው ይህ ነው፦ ማዘዣ ይዞ መጥቶ ጤና ጣቢያ ያጣ ሰው፣ የእድሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠውና ከተስማማነው መድኃኒት ቤት ይወስዳል። መድኃኒት ቤቱም ሒሳቡን በወር መጨረሻ ከድጋፉ ይቀበላል። የመኪናም እንዲሁ።

ባጃጅ ነጂው፣ ማክሰኞ ቀን

ከአዘዞና ከማራኪ ወደ ሆስፒታል ለሚመላለሱት እኛ አለን። የተራ ማኅበራችን ልጆች በቀጠሮ ቀን በግማሽ ዋጋ ለመጫን ተስማምተዋል። ግማሹን ድጋፉ ቢችለው ሕመምተኛው በነጻ ሄደ ማለት ነው። ከገጠር የሚመጡትን ግን አንችልም፣ የሚኒባስ ዋጋ ሌላ ነው።

መምህሩ፣ ማክሰኞ ማታ

የመኪናው ነገር ሲነሳ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። አንዲት ወጣት ታካሚው ለቀጠሮዋ ሳትመጣ ቀረች፣ ብዙም ሳይቆይ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። የቀረችው 15 ዶላር የአውቶቡስ አጥታ ነበር። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ መጠበቁን ተወው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ 14 አያቶችን ይዞ ጀመረ። አያቶቹ ሠልጥነው ከክሊኒኩ ደጅ የእንጨት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ የጨነቀው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይናገራል፣ ከዚያ ከችግሮቹ አንዱን መርጠው መላ ይፈልጉለታል። በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በብዙ ተሽሏቸው ተገኝተዋል።

ልቤን የነካው ደግሞ ቋንቋቸው ነው። ሕመሙን የሚጠሩት በሐኪም ስም አይደለም፤ «ማሰብ ማብዛት» ይሉታል። እኛስ «ሐሳብ በዛብኝ» አይደል የምንለው? ድባቴ ብለህ ብትጠይቀው የለብኝም የሚል ሰው፣ «ሐሳብ በዝቶብሃል ወይ?» ስትለው ያለቅሳል።

እኛም እንዲህ ብናደርግ የየእድራችንን ሴቶች የሚያሠለጥን አናጣም። ዩኒቨርሲቲያችን ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ሆኖ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ ሲያስተምር ቆይቷል። ደብዳቤ ጽፈን ብንጠይቅ ፊት የሚነሱን አይመስለኝም።

የሴቶች እድር ሰብሳቢ፣ ረቡዕ ጠዋት

መምህር፣ ተባረክ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፣ በጦርነቱ ልጆቻቸውን ያጡ ስንት እናቶች በቡና ላይ አጽናንተናል። ግን አንድ ነገር ልናገር። የሰፈር ቡና ሐሜትም አለበት። ከአቦል እስከ በረካ የተነገረ ገበና ሳይመሽ የቀሃን ወንዝ ይሻገራል። ስለዚህ በየቤቱ ቡና ላይ አይሁን። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጀበናው አለ፣ ሁለት ሰው ብቻ። የምትቀመጠዋ ሴት በሃይማኖቷ ቃል ትግባ። ቃሏን ካፈረሰች እድሩ ያንሳት።

ሌላው ፎቶ ነው። ልጄ ታሞ በነበረ ጊዜ አንድ ድርጅት ዘይትና ዱቄት ይዞ መጣ። ደስ አለን፣ መረቅን። ልጄን አስቁመው ከዱቄቱ ጋር ፎቶ አነሱት። በወሩ ያ ፎቶ ትልቅ ሸራ ላይ ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ተሰቀለ። ልጄ ተሽሎት ሥራ ጀምሮ ነበር፣ ቀጣሪው አይቶት አሰናበተው። ዱቄቱ በሁለት ሳምንት አለቀ፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ፎቶ የሚባል ነገር ደብዳቤው ውስጥ ካለ እኔ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዡ፣ ረቡዕ ቀን

እትዬ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ይቅር ይበሉን። አዳራሹን ትቼዋለሁ። ግን ድርጅቱ በፎቶ ፋንታ ምን እናሳየው? ባዶ እጃችንን «እመኑን» ልንላቸው አንችልም።

ነርሷ፣ ረቡዕ ቀን

ቁጥር እናሳያቸው ጋሼ። በየሦስት ወሩ ስም የሌለበት አንድ ገጽ፦ ስንት ሰው በቀጠሮው መጣ፣ ስንት ሰው መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳያቋርጥ ሦስቱን ወር ጨረሰ፣ ስንት ሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ከእነዚያ ስንቱ ወደ እኛ ተላከ። ሁለተኛውን ቁጥር ከሁሉ አስበልጬ የምፈልገው ነው።

የደብሩ ቄስ፣ ረቡዕ ማታ

ልጆቼ፣ የፀበሉን ነገር ማንም አላነሳም፣ እኔን ፈርታችሁ ይመስለኛል። አትፍሩ። ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ፀበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን መጣል አለበት የሚል ትእዛዝ የለም፣ ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። እኔ ከቅዳሴ በኋላ «ክኒናችሁን ይዛችሁ ተጠመቁ» እላለሁ። ፀበሉ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ሕመምተኛ ካየሁም ለነርሷ እነግራለሁ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ነርሷ በወር አንድ ቀን ፀበሉ ድረስ ትምጣልን።

የአዲስ ዓለሙ እድር ተወካይ፣ ረቡዕ ማታ

አባታችን ካሉት ጋር ነን። በእኛም ሰፈር ሩቃ፣ ማለትም ለፈውስ ቁርኣን፣ የሚያስቀሩ ሰዎች አሉ፣ ኢማማችንን አናግሬ እመለሳለሁ። ከምታሠለጥኗቸው ሴቶች ሁለቱ ከእኛ ይሁኑ። የእኛ እናቶች ለማያውቋት ሴት አይናገሩም።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ሐሙስ ጠዋት

ሕጉን ላስታውሳችሁ፣ ምክንያቱም ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቀን እሱን ነው። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ድርጅት የሚሰጠው ልገሳ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ሊያዝለት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ለተመዘገበ የአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ሲሰጥ ነው። እድር ደግሞ እንደ እቁብ ሁሉ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጁ 1113/2011 አይመለከተውም። በቀጥታ ለእኛ ከሰጡ ደረሰኛችን ለግብር አይጠቅማቸውም ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን አንድ የተመዘገበ አገር በቀል ማኅበር ተቀብሎ ከእኛ ጋር ውል ይግባ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያስገድደዋል፣ እኛ በውሉ ከዚያም እናውርደው።

አንድ ከባድ ጥያቄም አለኝ። በከተማችን ብዙ ገንዘብ የሚያወጡት መጠጥ አምራቾች ናቸው። እንጠይቃቸው ወይ?

ነርሷ፣ ሐሙስ ቀን

እኔ አልልም። ወደ እኔ ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ሕመማቸው በመጠጥ የባሰ ነው። አግዳሚው ላይ የመጠጥ ስም ተጽፎ ያ ልጅ እዚያ ላይ እንዴት ይቀመጣል?

ገንዘብ ያዡ፣ ሐሙስ ማታ

እኔ ስም ሳይጻፍ ከሆነ እቀበላለሁ። የተቃጠለችው ልጅ የክኒኗ ገንዘብ ከየት መጣ አትልም።

ጸሐፊዋ፣ ዓርብ ማታ

ይህ ጉዳይ እዚህ አያልቅም፣ እሑድ በድምፅ ይወሰን። እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። ለመጠጥ አምራቾች ሌላ ጥያቄ ልናቀርብ እንችላለን፦ የራሳቸው ሠራተኛ ሲታመም ከሥራ እንዳይባረርና ለክትትል ፈቃድ እንዲሰጡት። ይህንንማ ለሁሉም ድርጅት እንጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በድባቴና በጭንቀት ብቻ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይባክናል። ልገሳ የሰጠን ድርጅት የራሱን የታመመ ሠራተኛ ካሰናበተ ሥራችን ከንቱ ነው። የእትዬን ልጅ አስቡት።

የደብዳቤው ዋና ክፍል እንዲህ ሆኗል፦

«እኛ በጎንደር ከተማ የምንገኝ አሥራ ሁለት እድሮች፣ ድርጅትዎ ለሦስት ዓመት በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ድጋፍ እንዲያደርግልን እንጠይቃለን። በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ የማይቋረጥ ጥቂት ይሻለናል፣ ሕክምናው የሚቋረጥ አይደለምና። ድጋፉ የሚውለው ጤና ጣቢያ ላይ ለታጣ የአእምሮና የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ለቀጠሮ መጓጓዣ፣ እንዲሁም ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሆነው በጤና ጣቢያ ግቢ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚቀመጡ ሃያ አራት ሴቶች ሥልጠና፣ የድካም ዋጋ፣ ቡናና ከሰል፣ ፀበል ላይ ለሚያድሩ ሕሙማንም ብርድ ልብስ ነው። የሕሙማን ስምና ፎቶ ለማንም አይሰጥም። በየሦስት ወሩ የቁጥር ሪፖርት እናቀርባለን፣ መዝገባችንን በፈለጉ ጊዜ መጥተው ማየት ይችላሉ። ድርጅትዎ የራሱን ሠራተኞች የሕክምና ፈቃድና የሥራ ዋስትና በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልንም በትሕትና እንጠይቃለን።»

የእግር ጉዞውን አውጥቼዋለሁ። ብርድ ልብሱን ግን አላወጣሁትም፣ ፀበል ላይ የሚያድሩት በክረምት ይበርዳቸዋል።

የሴቶች እድር ሰብሳቢ፣ ዓርብ ማታ

«የድካም ዋጋ» የሚለው ይቆይ፣ አታውጪው። ሴት ስለሆንን በነጻ ነው የሚባለው ይብቃ። እፈርማለሁ።

ጸሐፊዋ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ይቆያል እትዬ። ጋሼ፣ የሦስቱን ዓመት ሒሳብ በወር በወር ከፍለው ያምጡልን፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ከነርሷ ይውሰዱ። የአዲስ ዓለም ወንድማችን፣ የኢማሙን መልስ እንጠብቃለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአራት ሰዓት፣ ሁላችሁም የየእድራችሁን ማኅተም ይዛችሁ ኑ።